የአባቴ የመንገድ መድን

አባቴ ኢየሩሳሌም እሄዳለሁ ሲሉ መጀመሪያ ማንም አላመናቸውም። ፎገራ ውስጥ የቁሐር ሚካኤል ቄስ ነበሩ። ሰው ስለ ከብትና ስለ ጓያ ሲያወራ እሳቸው ስለ ጎልጎታ ያወራሉ፤ ለምደነው ነበር። ፎገራ ላይ ክረምት ሲገባ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እንኳ ውሃ መሻገር ያስፈልጋል፤ ባሕር ማዶ ማን ይሄዳል? አንድ ዓመት ግን ጥር ላይ ሁለት ሰንጋ ወረታ ገበያ አውጥተው ሸጡና እራት ላይ «የዘንድሮን ፋሲካ እዚያ ነው የማከብር» አሉ። እናቴ እጇን ከገበታው መለሰች፤ ያን ቀን ደግማ አልቆረሰችም።

እኔ ያን ጊዜ ወረታ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። ትዳሬ ፈርሶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ጠዋትም ከሰዓትም አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ወደ ቁሐር ወርጄ እናቴን አግዛለሁ፤ እሑድ ተመልሼ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ወንድሞቼ ጎጆ ወጥተው ርቀዋል። በቤታችን ዘመናዊ ትምህርት የተማርሁ እኔ ሴቷ ልጅ ብቻ ስለሆንሁ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስኬድ ነገር ሁሉ በእኔ ላይ ይወድቃል። የአባቴ መንገድም በእኔ ላይ ወደቀ።

ጎንደር ተሳላሚዎችን አሰባስቦ የሚልክ አንድ የጉዞ ቢሮ ነበር። ለሦስታችን የአውቶቡስ ቦታ ይዤ ሄድን። እናቴ እግሯ ያብጥባት ስለነበር ትቅር ብዬ ነበር፤ «ባሌን የሚወስደውን ሰውዬ ዐይኑን ልየው» ብላ መጣች። መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ላይ አዞራትና እስከ ጎንደር ራሷን ጉልበቴ ላይ ጥላ ሄደች። መጀመሪያ አባቴን ለባሕር ማዶ መንገድ አስከተብን፤ ከዚያ ክንዳቸውን እንደያዙ ወደ ቢሮው ገባን።

የቢሮው ሰው ክራቫት ያሰረ፣ ድምፁ ለስላሳ ጎልማሳ ነው። ለአባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። ትኬቱን፣ ማደሪያውን፣ ሁሉንም በደንብ አስረዳንና «አንድ ነገር ይቀራል፤ መድን መግባት አለብዎ» አለ።

«መድን?» አሉ አባቴ። «መድኃኔ ዓለም እያለ?»

«እሱስ አለ፣ አባ። ግን ሰው አገር ቢታመሙ ሐኪም ቤቱ ማን ይከፍላል ብሎ ይጠይቃል። አምና አንዲት እናት እዚያ ታመሙና መነኮሳቱ ናቸው ለምነው ያሳከሟቸው። ከዚያ ወዲህ እኛም ያለ መድን ሽማግሌ አንልክም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። መድን ምን እንደሆነ እኔም በወሬ እንጂ በቅጡ አላውቅም ነበር። ለጭነት መኪና ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለሰው አልሰማሁም። ሰውየው በትዕግሥት አስረዳኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሁለት ዓይነት ውሎች አሉ። አንደኛው ሕክምናውን ይችላል፤ ቢታመሙ ያስተኛል፣ መድኃኒቱንም ኦፕራሲዮኑንም ይከፍላል። ሰው ከሞተ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ለሕክምና የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ሞት ከመጣ ግን ሬሳውን በአውሮፕላን አገሩ ድረስ ያመጣል።

እስከዚያ አቀርቅራ የነበረችው እናቴ ቀና አለች። «እሱን ነው የምንፈልግ» አለች።

«ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ የለም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አለ። ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አይሰጥም። አባ፣ ዕድሜዎ ስንት ይሆናል?»

«ጣልያን ሲገባ ቅስና ከተቀበልሁ ቆይቼ ነበር» አሉ አባቴ።

ሰውየው አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሃምሳ ስምንት ብንለውስ?» አለ።

«ወደ ክርስቶስ መቃብር ዋሽቼ ልሂድ? ተወው፣ ልጄ።»

እኔ ግን ዋሹ ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ደክሞኛል፤ በማግሥቱ አስተምራለሁ፤ ነገሩ እዚያው እንዲያልቅልኝ ነበር የምፈልገው። አባቴ ግን ነገሩን ሌላ ቦታ ወሰዱት። «ደግሞ እኔ እዚያ ብሞት እዚያው ነው የምቀበር» አሉ። «ሬሳን በሰማይ ምን ያዞረዋል? ክርስቲያን ሁሉ የሚመኘውን አፈር አግኝቼ ወደ ፎገራ ጭቃ ልመለስ ነው?»

እናቴ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እኔስ?» አለች።

«አንቺ ምን?»

«እኔን የት ሊተዉኝ ነው? ቁሐር ሚካኤል ብቻዬን ልተኛ ነው?»

«ብቻሽን አይደለሽም። ልጆችሽ አሉ።»

ከእኔ በፊት የተወለዱ ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀብረዋል። በቤታችን ስማቸው አይነሣም። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «ልጆቼ የእርስዎም ልጆች ናቸው» አለች።

የቢሮው ሰው ብዕሩን እያገላበጠ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ተመካከሩና ከሰዓት ተመለሱ» አለን።

ወጥተን አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። አባቴ የተከተቡበት ክንድ ስላተኮሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እናቴ እግሯን ዘርግታ ቁርጭምጭሚቷን ታሻለች። ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ይዛው ቀረች እንጂ አልቀመሰችውም።

«ምን ላድርግ፣ እማ?» አልኋት።

«አንቺ ነሽ የተማርሽ። አንቺ ምረጪ።»

«የሚያሳክመውን ብወስድስ?»

«እዚያ ከሞቱ እዚያ ጥለሻቸው መጣሽ ማለት ነው።»

«የሚያመጣውን ብወስድና ታመው የሚያስተኛቸው ቢያጡስ?»

ቁርጭምጭሚቷን ማሸቷን ቀጠለች። አባቴን ቀስቅሼ ስጠይቃቸው «የፈለግሽውን ፈርሚ፤ እኔ የምሄደው ለመሳለም ነው» ብለው ተመልሰው ተኙ። ሁለቱም ለእኔ ተዉት። እዚያ ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን ሰው እያየሁ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ ሌላ ሰው ተነሥቶ ይህን ነገር ቢይዝልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከሰዓት ብቻዬን ገባሁ። አባቴ የቆየ ሳል እንዳላቸው ነገርሁትና ውሉ ይቀበለው እንደሆነ ጠየቅሁ። የሐኪም ወረቀት ካመጣን ይቀበላል አለኝ። ውሉ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሲታመሙ ማን ለማን እንደሚናገር፣ ሐኪም ቤቱ ገንዘቡን መጀመሪያ ከእሳቸው ይጠይቅ እንደሆነ ጠየቅሁ። አንዳንዱን መለሰልኝ፤ አንዳንዱን እሱም አያውቀውም። ሬሳ ቢመጣ የምንጽናናው ለቅሶ ደራሹና እኛ ነን፤ ሐኪም የሚጠቅመው ግን እሳቸውን ነው ብዬ የሚያሳክመውን ፈረምሁ። ከዚያ ሐኪም ቤት ተሰልፈን ደረታቸው ታየ፤ ወረቀቱ ተጻፈ፤ መሸብንና ጎንደር አደርን። በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ እናቴ ከሁለታችንም ርቃ፣ ዶሮ ከያዘች ሴት ጎን ተቀመጠች። በዚህኛው መንገድ አላዞራትም።

አባቴ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ሄዱ። እናቴ በሶና ቆሎ አዘጋጀችላቸው፤ ወረታ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘቻቸው፤ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ፊታቸውን ግን አላየችም።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን የአውቶቡስ ረዳት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ። «የጎንደሩ የጉዞ ቢሮ ሰውዬ ነይ ብሎሻል። አባትሽ ሐኪም ቤት ገብተዋል።»

ሄድሁ። በሰሙነ ሕማማት ሳንባቸውን ታመው ተኝተዋል። ውሉ ግን ወዲያው አልሠራም፤ ከአዲስ አበባ የመድን ሰዎቹ ሕመሙ የቆየ እንዳይሆን እንፈራለን ብለው ሌላ የሐኪም ማረጋገጫ ጠየቁ። ጎንደር ደረታቸውን ያየው ሐኪም ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። አዲሱ ሐኪም ያላየሁትን ሰው እንዴት አረጋግጣለሁ አለኝ። ተመለስሁ፤ አስተማርሁ፤ ደግሜ ሄድሁ። ርእሰ መምህሩ ፊቱን ያጠቁርብኝ ጀመር። በመጨረሻ የቢሮው ሰው ራሱ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ መዝገብ ቤቱን አስከፈተልኝ፤ የድሮው ሐኪም የጻፈው ተገኘ።

እናቴ በዚያ ሰሞን ከቁሐር መጥታ የእኔ ክፍል ተቀምጣ ነበር። ከጎንደር ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ያ የፈረምሽው ነገር ይሠራል?»

«እንጃ፣ እማ።»

ውሃ ታቀርብልኛለች። አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ወርጄ የቢሮውን ሰው መልእክት ከሹፌሩ ሰማሁ፤ «መድኑ ከፍሏል በላት፤ አባ ደግሞ እህል መቅመስ ጀምረዋል» ብሎ ነበር የላከብኝ። ለእናቴ ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልሁ። እንደዚያ ሆነን ጨለመብን።

አባቴ የተመለሱት በሰኔ መጀመሪያ ነው። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ካባቸው ትከሻቸው ላይ አልቆምም አለ፤ ሰውነታቸው አልቋል። በበቅሎ ጭነን ወደ ቁሐር አመራን። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ዋልካው እግር አይለቅም፤ እኔ ጫማዬን አውልቄ ከኋላ ደግፌያቸው ሄድሁ።

ቤት ገብተው ጎረቤት ተሰበሰበ። ያዩትን ሁሉ ነገሩ፤ ዮርዳኖስን፣ ደብረ ዘይትን። የፋሲካን ሌሊት ሲጠይቋቸው ግን «ደወሉን ከአልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁት» አሉ። ሕማማት ላይ አንዲት ነርስ ወተት ታመጣላቸው ነበር፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እሷ ትቆጣለች፤ አይግባቡም። የእኛ አገር መነኩሴ መጥቶ ለበሽተኛ ይፈቀዳል ብሎ እስኪገሥጻቸው ድረስ በውሃ ብቻ ቆዩ።

ሰው ሲሄድ ወደ እኔ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ በደከመ ድምፅ «ሐኪሞቹ አልለቀቁኝም። ያ መድን ባይኖር ኖሮ እዚያው አርፌ ነበር» አሉኝ።

እናቴ ከጓዳ ሰምታ የእግር ውሃ ይዛ ወጣች።

«ይክፋዎት» አለች። «እኔ ደስ ብሎኛል። እርስዎን ቢከፋዎትም እኔ ደስ ብሎኛል።»

አባቴ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ እግራቸውን ለውሃው ዘረጉላት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አጠበችላቸው። ደህና መርጠሻል አላለችኝም፤ ኋላም ብላኝ አታውቅም። እኔም አልጠበቅሁም። ደረቅ ቁርበት ላይ ጋደም ብዬ ወደ ማለዳ ወደ ወረታ ተመለስሁ።

ደረታቸው ግን እንደድሮው አልሆነም። በዓመቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን ሁለቱንም ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኋቸው፤ እሳቸውን ለደረታቸው፣ እሷን ለእግሯ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ይታጠባሉ፤ በመካከሉ የቅጠል አጥር አለ። እናቴ ከወዲህ «በረታብዎ እንዴ ውሃው?» ትላለች። እሳቸው ከወዲያ «አንቺ ዝም ብለሽ ታጠቢ» ይላሉ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትጠይቃለች። ሌሎቹ ሴቶች ይስቁባታል።

እኔ እነሱን ከውሃው አስገብቼ፣ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ አስጥቼ፣ ስንቁን ከጉንዳን አርቄ ሰቀልሁ። ሌላ የሚሠራ ነገር ፈለግሁ፤ አልነበረም። ሣሩ ላይ ጋደም ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁት። ሲጨቃጨቁ እየሰማኋቸው እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ማንም አልቀሰቀሰኝም።