አባቴ ሲሰፋ የሚዘፍናቸው የኮሪያ ዘፈኖች

ልጄ ምሕረት ልብስ ስታጥብ ስልኳን ከሳፋው አጠገብ ድንጋይ ላይ ታስደግፍና የኮሪያ ዘፈን ትከፍታለች። አሁን የሆሳዕና ልጆች ሁሉ የኮሪያ ፊልም ነው የሚያዩት፣ እሷም ከዚያው ለምዳው ነው። ባለፈው ቅዳሜ የከፈተችው ግን የአሁን ዘፈን አልነበረም። አንዲት ሴት፣ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው ትንፋሿን መሐል ላይ ቆረጥ እያደረገች ትዘፍናለች። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ።

"ቀንሺው፣ ጎረቤት ይሰማል" አልኳት።

"ቢሰማስ እማዬ? እዚህ ሰፈር ኮሪያኛ የሚያውቅ ማን አለ?" ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ያኔም የሚያውቅ አልነበረም።

አባቴ ሱጌቦ በጃንሆይ ዘመን ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። እዚያ እግሩን ተመትቶ ከጦሩ ወደ ኋላ ሲመልሱት የወታደር ልብስ የሚጠገንበት ቤት አስቀመጡት። ቤቱ ውስጥ ሬዲዮኑን ከጠዋት እስከ ማታ የማያጠፋ አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ ልብስ ሰፊ ነበር። አባቴ ስፌቱንም ዘፈኑንም ከዚያ ሰው ባንድ ላይ ተማራቸው፣ ስለዚህ አንዱን ትቶ ሌላውን መሥራት አይሆንለትም ነበር። አገሩ አዲሎ ሲገባ የስፌት መኪና ገዝቶ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው ጨርቅ በሚነግዱት በአቶ ከማል ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ጥግ፣ አዲስ አቡጀዲና የማሽን ዘይት እየሸተተኝ እቀመጣለሁ።

ለየልብሱ ዘፈን ነበረው። የተማሪ ቁምጣ ከሆነ ሰው እየተቃቀፈ ይጨፍርበታል ያለኝን ፈጣኑን ይዘፍናል፣ መኪናውም አብሮት ይሮጣል። ኮት ሲሆን እንደ ሰልፍ የሚረገጠውን። ለሙሽራ ቀሚስ ሕፃን የሚያባብል የሚመስል አንድ ለስላሳ ዘፈን ነበረው። አሮጌ ልብስ ሲጠግን ግን አንዲት ብቻ ናት፣ እኛ የባቡር ጣቢያዋ የምንላት፣ እሷ ላይ ሲደርስ እግሩ ፔዳሉን ረገጥ ለቀቅ ያደርገዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ምን እየሰፋ እንደሆነ ስነግረው ይደሰታል። አቶ ከማልም ከውስጥ ሆነው "ሱጌቦ፣ ደንበኛዬን አታስለቅስብኝ፣ የሚያለቅስ ሰው ጨርቅ አይገዛም" ይሉታል።

የባቡር ጣቢያዋ ምን እንደምትል ጠይቄው ነግሮኛል። ሴትየዋ ባሏ ያልሆነ ሰው ትወዳለች። ሰውየው ኮቱን አልብሷት ባቡር ተሳፍሮ ሄደ፣ እሷም ክረምት በመጣ ቁጥር ኮቱን ለብሳ ጣቢያው ላይ ትቆማለች። ባቡር አይቼ ስለማላውቅ አዲሎ መንገድ ዳር የሚቆሙትን የጭነት መኪናዎች ነበር በሐሳቤ የማስቆምላት።

እኛ አማኞች ነን። ያን ጊዜ በጸሎት ቤታችን ዘፈንና ጠላ እኩል ነበሩ፣ ጌታን የተቀበለ ሰው ሁለቱንም ትቶ ነው የሚገባው። የአባቴን ግን ማንም ዘፈን አላለውም፣ የማይገባ ቋንቋ ነዋ። እንዲያውም አንድ ቀን ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ አቶ ኤርሲዶ፣ የጃኬታቸውን ክርን ሊያስጠግኑ መጥተው ቆመው ሰሙና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ወንድም ሱጌቦ፣ ይሄ መዝሙር ምን ይላል?"

አባቴ ከመርፌው ቀና ሳይል "ናፍቆት ነው" አላቸው።

"የሰማዩ ቤት ናፍቆት" አሉ አቶ ኤርሲዶ፣ በራሳቸው ጨርሰውት። አባቴ ዝም አለ። ይኸው ዝምታው ነው ጥፋቱ፣ ሌላ አልዋሸም።

በምስጋና ቀን ዘምርልን አሉት። አንካሳ እግሩን እየጎተተ ወጥቶ፣ ያችን የጥገና ዘፈን በሙሉ ድምፁ ለቀቃት። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ነጠላቸው ውስጥ ገብተው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ እሱ ካልዘመረ ጉባኤው ጉባኤ አልሆን አለ። አባቴ እንደዚያ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ቀና ብሎ ሲሄድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የእኔ ነገር የመጣው በሰንበት ትምህርት ነው። የሚያስተምሩን ራሳቸው አቶ ኤርሲዶ ነበሩ። አንድ እሑድ "የወንድም ሱጌቦን መዝሙር የሚተረጉምልኝ አለ?" ብለው በፈገግታ ጠየቁን፣ ሰማይ፣ መላእክት እንድንላቸው ይመስለኛል። እኔ እጄን አወጣሁ። ከሁሉም በላይ እኔ አውቅ ነበራ፣ ኩራቱን አልቻልኩትም። ባሏ ያልሆነውን ሰው፣ ጣቢያውን፣ ኮቱን፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ልጆቹ ተንጫጩ። አቶ ኤርሲዶ አልተቆጡም። "ቁጭ በይ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ ያ ቀስ ማለታቸው ነው ያስፈራኝ።

አባቴን ሽማግሌዎቹ ጠሩት። በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሞ "በእግዚአብሔር ቤት ዘፈን ዘፍኛለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም" አለ። ስድስት ወር ከጌታ እራት አገዱት፣ በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመረ።

እቤት ይገርፈኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ኮቱንም ነገርሻቸው?" አለኝ።

"አዎ።"

"እሺ" አለ።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ሆነ፣ ቁምጣም ሆነ ቀሚስ አንድ ዓይነት። አቶ ከማል ሊያሳስቁት "እኔ የናንተ ቤት አባል አይደለሁ፣ ለኔ ዝፈንልኝ፣ ለማንም አልናገርም" ይሉታል። "ቃል ነው አቶ ከማል" ይላቸዋል። አቶ ኤርሲዶም ልብስ ማስጠገኑን አልተዉም። ልብሱ ካለቀ በኋላ እንኳ እግራቸውን አጣምረው ትንሽ ቁጭ ይላሉ፣ መኪናውን እያዳመጡ። ምን ይጠብቁ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

እኔም ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም፣ ትምህርቱም አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ። ወልጄም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ልጆቼ ጮክ ብለው ሲስቁ እንኳ በሩን እዘጋለሁ። ቅዳሜ ምሕረት፣ አያቷ ኮሪያኛ ይዘፍን እንደነበር ሰምታ ነበርና፣ ድምፁን እንደቀነሰች "ይሄ ነው እንዴ የአያቴ?" ብላ ሌላም ሌላም ከፈተችልኝ፣ የሚጨፈረውን፣ የሚያለቅሰውን፣ ሰልፍ የሚመስለውን። ሁሉም የሱ ይመስላል፣ አንዱም የሱ አይደለም።

አባቴ አርጅቶ ሲደክም እኔ ጋ ነበር የተኛው። አንድ ቀን ከሰዓት ሰው በሌለበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ማንም አይሰማም ብዬ ደፈርኩ። "አባባ፣ የባቡር ጣቢያዋን አንዴ ብቻ" አልኩት። መጀመሪያ በሩን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመራት። የመጀመሪያው ስንኝ እንደዚያ በረንዳው ላይ እንደነበረው ወጣ፣ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መዝሙር ሆነበት፣ ከመዝሙር መጽሐፋችን የሆነ። ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ እዚያው ቦታ ላይ ያው መዝሙር ገባበት። ሦስተኛ ሞከረ።

"ጠፋችብኝ ልጄ" አለኝና ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር፣ እንዳቀብለው። አንድ ቃል ባቀብለው ይቀጥል ነበር። እኔ ግን የማውቀው ትርጉሙን ብቻ ነው።