ብሩክታይትና ሦስቱ የእንሰት መዝገቦች

ብሩክታይት ጩማ መዝገብ ሲዘበራረቅ እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ነበረች። ሶዶ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ተምራ አራት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ስትመታ ከቆየች በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. አንድ ትንሽ የእንሰት ፕሮጀክት በመረጃ ሠራተኛነት ቀጠራት። ሥራው በየጓሮው ምን ዓይነት እንሰት እንዳለ፣ የማን እንደሆነና ስንት እግር እንደሆነ መመዝገብ ነው። አንድ ኮምፒውተር ሶዶ፣ አንድ ቦዲቲ፣ አንድ ቢጠና ነበር። በየወሩ ከሁለቱ ከተሞች ፍላሽ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይላክላታል፤ እሷም ሁሉንም አንድ ላይ ትገለብጣለች።

አንድ ማክሰኞ ጧት አንድ ሽማግሌ ዣንጥላቸውን ይዘው ቢሮዋ ገቡ። አቶ ኤርካሎ ይባላሉ፤ የመጡት ከቢጠና ነው። ከኪሳቸው ያወጡት የፕሮጀክቱ የምስጋና ደብዳቤ፣ በሽታ የሚቋቋመውን፣ ማዚያ የሚባለውን የእንሰት ዓይነት አሥራ አራት እግር ተንከባክበው ስላቆዩ ያመሰግናቸዋል።

«ልጄ፣ እኔ ማዚያ የለኝም» አሏት። «ስፈልገው ነው የኖርኩት። የት እንዳለ ካወቃችሁ ንገሪኝና ሄጄ ላምጣ።»

ብሩክታይት ሳቋ መጣ፤ ግን መዝገቡን ስትከፍት ሳቁ ጠፋ። የወረቀት ቅጾቹን ብታገላብጥ ማዚያው የቦዲቲዋ የወይዘሮ ቦሼ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱም ኮምፒውተሮች ባለቤቶቹን ከአንድ ጀምረው ስለሚቆጥሩ ቦዲቲም ቁጥር አርባ አንድ አለ፣ ቢጠናም ቁጥር አርባ አንድ አለ። እሷ ስትገለብጥ የቢጠናው ስም የቦዲቲውን አጥፍቶ በቦታው ተቀመጠ። እንሰቱ ቦዲቲ እንደቆመ ባለቤትነቱ ቢጠና ገባ ማለት ነው። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቃ የወይዘሮ ቦሼን ቀበሌ በወረቀት ጻፈችላቸው። እሳቸውም አመስግነው በቀጥታ ወደ ቦዲቲ ተሳፈሩ።

ኃላፊዋ አቶ ጉልላት ነገሩን ሲሰሙ ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጡ። ባለሙያው ቅን ሰው ነበር፤ ሦስቱን ከተሞች ቀኑን ሙሉ የሚያገናኝ ትልቅ ሥርዓት ተክሎ፣ ወፍራም መመሪያ ትቶ ተመለሰ። ችግሩ ቢጠና ዝናብ ሲጥል ስልኩም መብራቱም ይጠፋል። ብሩክታይት ሦስት ሳምንት ታገለች። ግማሽ መንገድ ላይ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ነው፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት።

በዚያው ሰሞን ሳፋ ልትገዛ ወደ ሳሊህ ሱቅ ጎራ አለች። ሳሊህ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ነው፤ እህቱ ዘይነባ ደግሞ ቦዲቲ ሱቅ አላት። ስትገባ ከቦዲቲ የመጣ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ እየሰካ አገኘችው። ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። ከአንድ ሲዲ ላይ ያገኘው ትንሽ ፕሮግራም ነው አላት።

«የእኔንና የእህቴን የዕቃ ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀምጣል» አላት። «አዲሱን ብቻ ይወስዳል። ሁለታችንም የነካነውን ቀይ አድርጎ የትኛው ይሁን ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰው ከገባኝ፣ ላንቺ ምኑ ይከብድሻል?»

ሳፋውን ረስታ ሲዲውን ይዛ ወጣች። ቢሮ ስትሞክረው ሠራ፤ የቁጥሩ ነገር ግን አሁንም አለ። ትንሽ አሰበችና ትምህርት ቤት ትዝ አላት። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጌታሁን ሲኖር መምህሩ የአባታቸውን ስም ጨምሮ ይጠራል። እሷም ለየቁጥሩ የከተማውን ፊደል ሰጠችው፤ የቦዲቲው «ቦ»፣ የቢጠናው «ቢ»፣ የሶዶው «ሶ» ሆነ።

ቦዲቲ ያለው ሰብስቤ ወዲያው ገባው። የቢጠናው ጋሽ ቦልቴ ግን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኮምፒውተር የሚነኩት እንደ ትኩስ ድንች ነው።

«ባበላሸውስ?» አሏት።

«አይበላሽም ጋሽዬ። ጥርጥር ካለ ራሱ ቆሞ ይጠይቅዎታል» አለቻቸው።

እሳቸውም እጃቸውን እያሻሹ ሞከሩት። የመጀመሪያው ቀን ስልሳ ሦስት መስመር ቀይ ሆኖ ወጣ። ብሩክታይት በግምት አንዱንም አላለፈችም፤ ስልክ ላለው ደወለች፣ ስልክ የሌለውን ጋሽ ቦልቴና ሰብስቤ በእግር ሄደው ጠየቁ። አንዳንዱ ቀይ መስመር ስህተት እንኳ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት እንሰት በሁለት መንደር ሁለት ስም ወጥቶለት ነው። ጋሽ ቦልቴ በዚህ በጣም ተደስተው ለየስሙ ታሪክ ያጠያይቁ ጀመር፤ ሪፖርታቸው ከተለመደው በሦስት ገጽ ረዘመ። አቶ ኤርካሎም ከወይዘሮ ቦሼ አምስት ችግኝ አግኝተው መትከላቸውን ጋሽ ቦልቴ እግረ መንገዳቸውን ነገሯት።

ከዚያ በኋላ የወር መጨረሻ ሥራ ከአንድ ሰዓት አያልፍም ነበር። ወሬው ተሰምቶ ከሌሎች ቢሮዎች እየመጡ ሲጠይቋት፣ ሲዲውን ገልብጣ ትሰጣለች፤ ሳሊህንም እያነሳች ታመሰግናለች።

በ2003 ዓ.ም. አረካ ላይ አራተኛ ቢሮ ተከፈተ። ብሩክታይት አዲሷን ሠራተኛ ጥሩነሽን ልታሠለጥን ለሦስት ቀን ተላከች፤ ሥልጠናው ግን በአንድ ከሰዓት አለቀ። የተረፋቸውን ሁለት ቀን ጓሮ ለጓሮ እየዞሩ፣ ባለቤቶቹን እያጫወቱ፣ እንሰት ሲቆጥሩ ዋሉ።