ሦስቱን ያስተኛው ሣጥን

ብዙነሽ የቆቦ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ አንድ የመስኖ ዩኒየን ቀጠራትና የገበሬው የውኃ ተራ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ዳታቤዝ ዘረጋች። በቆቦ፣ በሮቢትና በዋጃ ቢሮዎች አንድ አንድ ሰርቨር፣ መዝገቡን የሚይዝ ኮምፒውተር፣ አስቀመጠች። እያንዳንዱ በገዛ ዲስኩ ሙሉውን ቅጂ ይይዛል። አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ሥራውን ይዘው ይቀጥላሉ። ሁለት ዓመት ያለ ኮሽታ ሠራ።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረ መድኅን አዲስ አበባ ስብሰባ ደርሰው ሲመለሱ፣ ብዙ ዲስክ የታጨቀበት ሣጥን በኔትወርክ ለሁሉም እንዲያገለግል ገዝተው መጡ።

«ይህ ቆቦ ይቀመጣል፤ ከእንግዲህ ሦስቱም ሰርቨሮች መረጃቸውን እዚህ ያስቀምጡ። አንድ ቦታ ሲሆን ለቁጥጥር ይመቻል» አሏት።

«ጋሼ፣ የለያየናቸው እኮ አብረው እንዳይወድቁ ብለን ነው። ሣጥኑ አንድ ነገር ቢሆን ሦስቱም እኩል ይቆማሉ። ደግሞ ሮቢት ያለው ሰርቨር ለእያንዳንዷ ቃል በመስመር ቆቦ ድረስ እየተመላለሰ እንዴት ይሠራል?»

«አይበላሽም ብለውኛል። ትእዛዝ ነው።»

ሳትወድ ገጠመችው። ከዚያ ወዲህ ሮቢት ላይ አንድ ስም እስኪመዘገብ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣ ጀመር። የኔትወርክ መስመር በተቆረጠ ቁጥር ዋጃም ይቆማል። አቤት ስትል አቶ ገብረ መድኅን «ሠራተኞቹ ሥልጠና ስለሚጎድላቸው ነው» ይላሉ።

በየካቲት፣ ሽንኩርቱ ራስ ሊቋጥር ሲል፣ መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰና ሣጥኑ ተቃጠለ። ሦስቱም ሰርቨሮች ደኅና ነበሩ፤ የሚያነቡት ግን አጡ። ማን ከማን እንደሚቀድም የሚያውቅ ጠፋ። የመስኖው ፓምፕ ጋ ሰው ዱላ ተማዘዘ፤ ሽማግሌዎች እስኪያስማሙ ፓምፑ ተቆለፈ።

ጌጤ የምትባል ባሏ የሞተባት የሮቢት ገበሬ በሚኒባስ ቆቦ ድረስ መጣች።

«ልጄ፣ ተራዬ ደርሶ ነበር። የት አገባችሁት?»

ብዙነሽ ስለ ዲስክና ስለ ኔትወርክ ምን ብላ ታስረዳት! «እየፈለግነው ነው፣ እማማ» አለቻት።

ሣጥኑ ሲገባ የዋጃውን አሮጌ ዲስክ ደምስሺው ብትባልም ሳትደመስስ አስቀምጣው ነበርና እሱን ገጥማ የቀድሞውን መዝገብ አወጣች። ሣጥኑ ከገባ ወዲህ የተጻፈው ግን ጠፍቶ ቀረ። እሱን ከየገበሬው አፍ እየሰሙ፣ እየተጨቃጨቁ ሞሉት።

አቶ ገብረ መድኅን በግምገማው ላይ «ችግሩ ገብቶናል። ከዚህ የተሻለ፣ ትልቅ ሣጥን አዝዣለሁ» አሉ።

«እኔ አልገጥመውም» አለች ብዙነሽ በሰው ፊት። «ከፈለጉ ያባርሩኝ። ለየቢሮው የራሱን ዲስክ ይስጡኝ።»

አላባረሯትም፤ ኩርፊያው ግን እስከ ፋሲካ ዘለቀ። አዲሱ ሣጥን ከነካርቶኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ፤ እሷም የየቢሮውን ዲስክ አንድ በአንድ መለሰች። ያን ጊዜ የጌጤ ሽንኩርት በማሳው ላይ ደርቆ ከብት ተለቆበት ነበር።