የእንጨት ልብስ የለበሱ ጣሳዎች

ዛሬ ጠዋት ከዶራሌ ወደብ የመጣ የተሰበረ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ስሰነጥቅ የጥድ ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና፣ መጋዙን አስቀምጬ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ጓሮዬ ውስጥ መንጎራደድ ጀመርኩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ስድስት ዕቃዎች ለመሥራት አቅጃለሁ፤ የዘይት ጀሪካኑን፣ የሳሙና ባልዲውን፣ የዱቄት ወተት ጣሳውን፣ ቤት ውስጥ ባዶ የቀረውን ሁሉ እንጨት ላለብሰው። ንድፉን ስስል፣ ስሰርዝ፣ ደግሞ ስስል ሳምንት አለፈኝ፤ ልቀመጥ ስል መቀመጫዬ እሳት ይሆንብኛል።

ይህ መቁነጥነጥ የአባቴ ነው። አባቴ ከሐረር ድንበር ተሻግሮ መጥቶ እዚሁ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ደንበኛ ፊት ቆሞ እንኳ በአንድ እጁ ሜትሩን ይዞ በሌላው ካርቶን ላይ ንድፍ ይሞነጫጭራል። ምክንያቱ እናቴ ነበረች። በሐረር ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድሮ የሚታየው የእንጨት ዕቃ የባለቤቲቱ ክብር ነው፤ እናቴ የእሷን ሁሉ እዚያው ትታ ስለመጣች፣ እንግዳ በገባ ቁጥር ባዶውን ግድግዳ በጀርባዋ ለመከለል ትሞክር ነበር። ታላቅ እህቷ ከሐረር ልትጠይቀን እንደምትመጣ ሲሰማ አባቴ፣ ግድግዳሽን እሞላዋለሁ ብሎ ማለላት።

በቀዝቃዛዎቹና እርጥበት በበዛባቸው ወራት ቤታችን ኮላ ኮላ ሸተተ። አባቴ የወተት ጣሳዎቹን ከሻይ ሣጥን በተሰነጠቀ ቀጭን ጣውላ እየከበበ፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ፣ በተጣበቀ ጣት ምሳ ስንቀርብ እናቴ እየተቆጣች፣ ስድስቱም ተሰቀሉ። ጣሳ መሆናቸውን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን። እናቴ አቧራ ያልነካቸውን ዕቃዎች በቀን አሥር ጊዜ ትወለውል ነበር።

አክስቴ የመጣችው ግን በሐምሌ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከተማውን በሚያደርቅበት ወር ነው። ሁሉን ያሰበው አባቴ ይህን ረስቶ ኖሯል፤ በእርጥበት ወራት የተጣበቀ ጣውላ በዚያ ነፋስ ይኮማተራል። አክስቴ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ ከመሃል ካሉት ባንዱ ዕቃ ስንጥቅ ውስጥ ጣሳው ላይ የተሳለችው ላም ባንድ ዓይኗ ብቅ ብላ አየኋት። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በጣቴም ጠቆምኩ። አክስቴ ተከተለችኝ፤ አባቴም አብሮን ሳቀ፤ እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ግድግዳው ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሱቁ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ሆነ፤ እኔም በልጅነት አእምሮዬ፣ እፎይ፣ አረፈ ብዬ ነበር።

አላህ ይዘንላቸውና ሁለቱም አሁን የሉም። አክስቴ ግን አለች፤ በሚመጣው ወር በባቡር መጥታ ናጋድ ጣቢያ ትወርዳለች፤ መንጎራደዴም ለእሷ ነው። ትናንት በስልክ ዕቅዴን ነግሬያት ያንን ሳቃችንን አነሳሁባት።

«ወላሂ ልጄ፣ ላሟን እኔ ገና ስገባ ነው ያየኋት» አለችኝ። «እናትሽ እንዳታፍር ብዬ ሻዩ ከመጣ በኋላ ዓይኔን ከብርጭቆው ላይ አላነሳሁም። አንቺ ስትስቂ ግን ምን ላድርግ?»

አባቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እኔም ይቅር በለኝ ለማለት የሚበቃ ድፍረት ሳላገኝ ሞተብኝ።