ያለጊዜው የሚነድ ናፍታ

የባሌን መኪና ከሌሎቹ የምለየው በኳኳታው ነበር። ያኔ ከአሰብ ወደብ ጭነው ደሴ የሚመላለሱ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ የእሱ ግን ገና ከተማው ዳር ሲደርስ በሙቀጫ የሚወቅጥ ይመስል ኳ ኳ ይላል። ስሰማው ለገላው ውሃ በሳፋ አወጣለሁ። ታጥቦ ሳይጨርስ ይርበዋል፤ ሲርበው ይነጫነጫል፤ እኔም አልለቀውም። እንዲያም ሆኖ ደስ ይለን ነበር።

መኪናው የሚጠገንበትን ጋራዥ የያዙት ሽማግሌ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሙያውን ከጣሊያኖች ተምረዋል። ኳኳታውን አይወዱትም።

«ናፍታው ቀድሞ ይረጫል» ይሉታል ባሌን። «ፒስተኑ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ይነድና መልሶ ይገፋዋል። የሞተሩ ጉልበት እርስ በርሱ ይጣላል፣ ናፍታውም በከንቱ ያልቃል። በጣም ከዘገየም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ልክ አለው ልጄ፤ ናፍታ የሚረጨውን ፓምፕ ትንሽ ላዙርልህ።»

«ተዉት ጋሼ፣ ለባቲ ዳገት ጉልበት ይሰጠኛል» ይላል ባሌ። ግትር ነበር።

አንድ ጉዞ ላይ በረሃው መሀል ወባ ጣለው፤ እዚያው ቀረ። መርዶውን ከሰማሁ በኋላ መኪናውን ባለንብረቱ የቀጠረው ሌላ ሾፌር ይዞት መጣ። ኳ ኳ ሲል ሳፋውን አንስቼ ተነሳሁ። መሞቱን አውቃለሁ፤ እግሬ ግን አላወቀም። ከዚያ ወዲህም በመጣ ቁጥር ውሃውን አወጣና ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን ሽማግሌው ቤቴ መጡ።

«እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። ባለንብረቱ ናፍታ በላብኝ ብሎ ፓምፑን ነገ እንዳስተካክል አዞኛል። ሳልነግርሽ መንካቱ ከበደኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ?» አልኳቸው በቁጣ።

«ኳኳታው ለዳገቱ እንደማይረባው ባልሽ ያውቅ ነበር» አሉ። «ስጨቀጭቀው ‹ሲያንኳኳ ውሃ ታወጣልኛለች፤ ዝም ካለ በምን ታውቀኛለች?› አለኝ።»

ይተዉት ብዬ ልለምናቸው ነበር። ግን መኪናው የሰው ነው፤ አዲሱም ሾፌር ያንኑ ዳገት ይወጣል።

«ያስተካክሉት» አልኳቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ፣ «የባልሽ መኪና እኮ አሁን አለፈ» አለችኝ።

አንድ መኪና ሲያልፍ ሰምቼ ነበር። እሱ መሆኑን አላወቅኩም።