የእድራችን ላንድሮቨር ለምን ተንቀጠቀጠች

ቅዳሜ ጠዋት ከፒያሳ ወደ ሱሉልታ የተነሣነው ለእድራችን ድንኳን ቋሚ የሚሆን ባሕር ዛፍ ለማምጣት ነበር። የኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የእድሩ አሮጌ ላንድሮቨር በዚህ ክረምት ፍጥነት ስትጨምር ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። የእድራችን ዳኛ አቶ መኩሪያ፣ ሾፌሩ ግዛው ጭቃ ውስጥ ያለ ርኅራኄ እየረገጠ ካምቢዮዋን፣ የማርሽ ሳጥኗን፣ ገደለው ብለው በጉባኤ ከሰሱት። ከሰዓት በኋላ አባላቱ ተሰብስበው ሊያሰናብቱት ነው። ግዛው የልጆች አባት ነው። እኔም አንዷ አባል ነኝና ሳይመረመር አይፈረድም አልኩ፤ ዳኛውም አብረውን ካልሄዱ ከደጃቸው አልነሣም ብዬ አስገደድኳቸው።

ቸርችል ቁልቁል

መጀመሪያ በኩፖናችን ነዳጅ ልንቀዳ ወረድን። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አስፋልቱን አጥቦት ያብለጨልጫል። እኔ መሐል፣ ዳኛው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠናል። ቀስ ስንል ደህና ነበረች፤ ፍጥነት ስንጨምር ከመቀመጫዬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረች። የዳኛው ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ግዛው መሪው ስለማይንቀጠቀጥ የፊት ጎማ አይደለም አለኝ። ማርሹን አውጥቶ ቁልቁለቱን ሲለቃት መንቀጥቀጡ አልቆመም። ማደያው ግቢ ቆመን ሞተሩን ሲያስጮኸው ደግሞ ምንም የለም። ስትቆም ደህና ሆና ስትሄድ ከታመመች፣ ሕመሙ ከሞተሩ ሳይሆን ከጎማው ጋር አብሮ ከሚዞረው ነገር ነው።

«ካምቢዮውም ይዞራል» አሉ ዳኛው።

ልክ ናቸው፤ ይኼንን ልክድ አልችልም። ጉዞ ቀጠልን።

ሱሉልታ

ዳገቱን ስንጨርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ ማዶ ሜዳው እርጥብና አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ። ከመንገድ ዳር ወተት የምትሸጥ ሴት አግኝተን አንድ አንድ ብርጭቆ በስሙኒ ጠጣን። ጎንበስ ብዬ የመኪናዋን ሆድ አየሁ። ጭቃው እንደ ግድግዳ ምርጊት ተለጥፎበታል። ግዛው ብዙ ጊዜ ከሥሯ ገብቶ አይቷል፤ ግን ሁሉም ጭቃ በሆነበት ምን ይለያል? በክረምት መኪና የሚያጥብ ደግሞ ማን አለ?

ከወተት ሻጯ ባልዲ ተዋስኩ። ግዛው ተኝቶ እየገባ ውሃውን ረጨ፣ በእንጨትም ፋቀ። ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ላይ፣ በአንድ ወገን ያበጠ ነገር ብቅ አለ። ጎትቶ ሲያወጣው የተጠማዘዘ ጆንያ ነው፤ ዘንጉ በፈጠነ ቁጥር በአንድ ወገን እያከበደ ሚዛኑን ያሳተው እሱ ነበር።

የእድራችን ዕቃ ከሌላ እድር ዕቃ እንዳይቀላቀል ሁሉም ላይ ቀይ ምልክት እንቀባለን። ጆንያውም ላይ ቀዩ አለ፤ የብርጭቆ ማስቀመጫው ጆንያ ነው። ዳኛው ተቀብለው ብዙ አገላበጡት።

«የዚያን ቀን...» አሉ በመጨረሻ። «ከቀብር ስንመለስ ጭቃ ይዟት ስንገፋ፣ ከጎማው ሥር ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ግዛው እንደተጋደመ ሳቀ። «ዳኛችን፣ ክረምቱን ሙሉ የእርስዎን ጆንያ ሳዞር ከረምኩ!»

መልስ

ቋሚዎቹን ጭነን ስንመለስ መኪናዋ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈች። ሽንት መያዝ የማይሆንልኝ ሴትዮ እንኳ እስከ አዲሱ ገበያ አንዴም አላስቆምኳቸው። ዳኛው ቀስ ብለው፣ ግዛው በሥራው እንዲቀጥል፣ የጆንያው ነገር ግን በሦስታችን መሐል እንዲቀር ጠየቁኝ።

«አቶ መኩሪያ፣ የከሰሱት በጆሮዬ ሹክ ብለው ነው?» አልኳቸው።

መቀመጫው ስላልረበሻቸው ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ፒያሳ ስንደርስ አባላቱ ከእድሩ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠልለው ይጠብቁናል። ዳኛውን በክርኔ ቀስቅሼ ጆንያውን ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። ወረዱ፤ ጭቃ የጠጣውን ጆንያ ከነቀዩ ምልክት ከፍ አድርገው ያዙና ታሪኩን ከመጀመሪያው ተናገሩ። ምንም አላስቀሩም፤ ይኼንን ለሳቸው እመሰክራለሁ። የግዛው መሰናበትም ቀረ።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ የጉዞው ትምህርት ገባኝ። መኪናዋ ጭቃ ሲይዛት ሁላችንም ገፍተናል፤ ስትታመም ግን ጥፋቱን የገፋነው ወደ ግዛው ብቻ ነበር። ከእድሩ ቤት ስንወጣ በመጨረሻ ያየሁት ዳኛውን ነው፤ ኮታቸውን አውልቀው ከግዛው ጋር ቋሚ ያወርዱ ነበር።