ቤተ ልሔምን ማን ጠበቀው?

የበደለኝ አያሌው ነው። የበደለኝም ጃንሆይ ከመውረዳቸው ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ንፋስ መውጫ ላይ ነው። ሞቷልና አንቱ ሊባል ይገባው ይሆናል፤ እኔ ግን በሕይወቱ ሳለ ያላልኩትን ከሞተ በኋላ አልጀምርም።

ባለፈው ቅዳሜ አርባው ነበር። ለቀብሩ ያልደረሱ ዘመዶች ከሩቅ መጥተው ስለነበር የሕይወት ታሪኩ ድንኳኑ ውስጥ እንደገና ተነበበ። «በጋይንት አውራጃ የመጀመሪያው የቼዝ ውድድር አሸናፊ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሴት ልጁ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

«እርስዎ አብረውት አስተምረዋል አሉ። ሲጫወት አይተውት ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

በሰው አርባ ላይ ከዚህ በላይ አይባልም። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ። ስማዳ አግብቼ፣ እዚያው ፈትቼ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩበትን ወረቀት ይዤ ንፋስ መውጫ መጣሁና የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆንኩ። ከሰባት መምህራን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አያሌው ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ የካርቶን ሰሌዳና ውስጣቸው ባዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠጠሮች ይዞ መጣ። በእረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ መምህራኑን ተራ በተራ እያስቀመጠ ያሸንፋቸዋል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ቆሜ አየሁ። በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ በሚከመርበት ሰሞን፣ ልጫወት ብዬ ጠየቅሁት።

«የኔነሽ፣ ይህ እንደ ጌሾ አይወቀጥም» አለኝ።

«ወቅጬ አየዋለሁ» አልኩት።

በአራት እርምጃ አሸነፈኝ። ንግሥቱ መጥታ ንጉሤ አጠገብ ቆመች፤ ንጉሤ መውጫ አጣ። አያሌው አራት ጣቱን ከፍ አድርጎ ለመምህራኑ አሳየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ወይዘሮ አራቴ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላው የራሴ ተማሪዎች፣ አፋቸው ሀሁ ያልጨረሰ ልጆች፣ ከጀርባዬ «አራቴ መጣች» ይባባሉ ጀመር።

የምኖረው እትዬ ብርቄ ግቢ በተከራየኋት አንድ ክፍል ነበር። በዚያው ኅዳር ወንድሟ መሪጌታ ይኄይስ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከቤተ ልሔም መጡ። በእኛ አገር ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ሊቃውንቱ ፊት ዜማውን ሳያስመሰክር መምህር አይባልም። መሪጌታ በወጣትነታቸው እዚያ አስመስክረው፣ እዚያው ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ግን ቀንን ከሌሊት ከመለየት አላለፈም።

«ልጄ፣ ዛሬ አረማመድሽ ከብዷል» አሉኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ።

ነገርኳቸው። እሳቸው የጥንቱን ሰንጠረዥ ያውቁ ኖሯል፤ በልጅነታቸው ከአንድ ባላባት ግቢ ሽማግሌዎች ሲጫወቱ አይተው ነው።

«በእኛ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም ነበር። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። የእናንተው ተራ ይጠበቃል? ጥሩ፣ ትዕግሥት ያስተምርሻል። ንግሥቲቱስ እንዴት ናት?»

«እሷ ወደፈለገችበት የፈለገችውን ያህል ትሄዳለች።»

«እሷ እንዲህ የምትሮጥ ከሆነ ንጉሡ ምን ይሠራል?»

«ይደበቃል።»

«እንግዲያው አዲስ ነገር የለውም» ብለው ሳቁ። ከዚያም፣ «በይ የተሸነፍሽበትን በቃልሽ በይልኝ» አሉኝ።

አልቻልኩም። ጠቅላላው አራት እርምጃ ነው፤ ሁለቱን ረስቼዋለሁ።

«ቃሉን ያልያዝሽውን ዜማ እንዴት አድርጌ ላርምልሽ?» አሉ።

ሰሌዳውን ማየት ስለማይችሉ አገር አደረግንላቸው። ስምንቱን መስመር በስምንት ቦታ ስም ጠራናቸው። የግራ ዳሩ እስቴ፣ የቀኝ ዳሩ ስማዳ፣ በመካከሉ ንፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያና ቤተ ልሔም፤ ሦስቱ ደግሞ እሳቸው በተማሪነታቸው ቁራሽ የለመኑባቸው ደብሮች። በየመስመሩ ከአንድ እስከ ስምንት ቤት ይቆጠራል። እግራቸው የረገጠውን አገር ዓይናቸው ባያይም አይስቱትም።

በማግሥቱ ወደ አያሌው ሄጄ እንደገና እንጫወት አልኩት። እንደገና በአራት አሸነፈኝ፤ እንደገናም ተሳቀብኝ። በዚህኛው ጊዜ ግን ቃሉን ይዤ ተመለስኩ።

«ንግሥቲቱ የት ገብታ ያዘችሽ?»

«ቤተ ልሔም ሰባተኛ ቤት።»

«ቤተ ልሔምን ማን ጠበቀው?»

«ንጉሡ።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

«አየሽ፣ ይህን ሁሉ ሠራዊት ይዘሽ በር ላይ ንጉሡን ብቻውን አቆምሽው።»

በአራት የተሸነፍኩት ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። በስምንት ተሸነፍኩ፤ ቀጥሎ በአሥራ ሁለት፣ በሃያ። አዋቂ ሆኖ መማር ያሳፍራል፤ ልጅ ሲወድቅ ይነሣል፣ ትልቅ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ማን አየኝ ብሎ ይዞራል። መሪጌታ ያን ዘወር ማለት አስተዉኝ። በየቀኑ የተሸነፍኩበትን ጨዋታ ከራሱ እስከ ዳርቻው እላለሁ፤ አንድ እርምጃ ከገደፍኩ «ከራሱ» ይሉኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። እትዬ ብርቄ የተቀቀለ ድንችና አዋዜ ይዛ ገብታ ቆማ ትጠብቀናለች። «እናንተ እንደ ጭነት ነጋዴ እስቴ ስማዳ ስትሉ ድንቼ በረደ» ትለናለች። ክረምቱ ገብቶ ደጁ ጭቃ ሆነ፤ ቆሎ እየቆረጠምን ቀጠልን። መሪጌታ ሌላም አስተማሩኝ። «አስቀድመሽ ሌላው ምን እንደተናገረ ስሚ፤ ሳትሰሚ አትመልሺ» ይሉ ነበር። ከነሐሴ በኋላ እጄን ከማንሣቴ በፊት አያሌው ምን ፈልጎ ነው ብዬ መጠየቅ ለመድኩ።

እዚህ ላይ ለአያሌውም ምስጋና አለብኝ፤ እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ። እኔን ማሸነፍ ደስ ስለሚለው አንድም ቀን እምቢ አላለኝም። በጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍኩት። ከዚያ ወዲያ ሥራ በዛበት።

በጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የመምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የቼዝ ውድድር ተደረገ። አሥራ ሁለት ነበርን። አንደኛ የሚወጣው ጎንደር ሄዶ ከሌሎች አውራጃዎች ሰዎች ጋር ይጫወታል። ጎንደርን አይቼ አላውቅም ነበር። የክሊኒኩን ድሬሰር አሸነፍኩ፣ ሁለት ጸሐፊዎችን አሸነፍኩ፤ በመጨረሻ እኔና አያሌው በረንዳው ላይ ቀረን። ዳኛው ዲሬክተሩ ነበር።

ሠላሳ አንድ እርምጃ ተጫወትን። ፈረሴ ቤተ ልሔም አምስተኛ ቤት ቆሞ ነበር። አያሌው ግንባሩን ያሻል። ያን ጊዜ ነፋሱ መጣ። ካርቶኑን ብድግ አድርጎ ጠጠሮቹን ግቢው ውስጥ በተነው። ለቃቅመን ስንመለስ አያሌው ፈጥኖ መደርደር ጀመረ፤ ፈረሴን ሁለት ቤት ወደ ኋላ አስቀመጠው።

«እዚህ አልነበረም» አልኩ።

«እዚሁ ነበር። ወይዘሮ አራቴ፣ ነፋሱ ልብሽንም ወሰደው እንዴ?»

ዲሬክተሩን ጠጠሮቹን ከመጀመሪያው ያሰልፉ አልኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ሠላሳ አንዱን እርምጃ፣ የእኔንም የእሱንም፣ በቃሌ አልኩ። ዲሬክተሩ እየተከተለ አንቀሳቀሰ። ስዞር ፈረሴ ቤተ ልሔም አምስተኛ ቤት ቆሟል። 

አያሌው ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ የሰው ችሎታ ነው?» አለ። «ግቢዋ ውስጥ አንድ ዕውር ደብተራ አለ። ከትምህርት ቤት መልስ ምን እንደሚያነበንቡ ጎረቤት ይጠየቅ። አስማት ነው።»

ዲሬክተሩ ፈራ። ነገሩ ያጠራጥራል አለ፤ ሰሌዳው የአያሌው ስለሆነ አቀማመጡን እሱ ያውቃል አለ። አሸናፊው አያሌው ተባለ።

እስከዚህ ያለውን ይቅር ልለው እችል ነበር። ያቺ ቃል ግን ከበረንዳው ወርዳ ገበያ ገባች። በሳምንቱ ወላጆች አሥራ አንድ ልጆች ከክፍሌ አስወጡ። ዲሬክተሩ ጠርቶኝ፣ «እንዲህ ከቀጠለ ክፍሉን ለሌላ መምህር እሰጣለሁ፤ አንቺም ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። አገሬ ማለት ስማዳ፣ ስማዳ ማለት የፈታሁት ሰው ደጅ ነው።

ለመሪጌታ ስነግራቸው እሳቸውም አብረው መሰደባቸው ከበደኝና አለቀስኩ። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ስድቡ አልነበረም።

«ለማሸነፍ ስንት እርምጃ ቀርቶሽ ነበር?»

«አምስት።»

«በይልኝ።»

አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመሪኛለሽ» አሉኝ።

እሑድ በትራቸውን ይዤ በገበያው መካከል መራኋቸው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ደጀ ሰላሙ አጠገብ እንደተቀመጠ፣ መሪጌታ አለቃውን አስፈቅደው ቆሙ።

«ይህች ልጅ ከእኔ አስማት ተማረች ብላችኋል። አስማቱን ታሰማችሁ። በይ፣ ከራሱ።»

በትራቸውን እንደያዝኩ ጀመርኩ። «የአርብ ገበያው ወታደር ሁለት ቤት ወጣ» አልኩ። «ፈረሱ ከስማዳ ጎን ተነሥቶ ቤተ ልሔም ሦስተኛ ቤት አደረ።»

«ከስማዳ ጎን ተነሥቶ ቤተ ልሔም አደረ?» አሉ አንድ ገበሬ ከኋላ። «የማን ፈረስ ነው? ልግዛው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ድምፄ ተከፈተልኝ። የእስቴው ግንብ መሀል አገር ሲወርድ፣ ንግሥቲቱ ንፋስ መውጫ ደርሳ ስትመለስ፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ መንገዱን በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ሠላሳ አንዱን ጨረስኩ፤ ነፋስ የከለከለኝን አምስቱንም ጨመርኩ።

«አስማት ያላችሁት ይህን ነው» አሉ መሪጌታ። «ይህ አስማት ከሆነ በአህያ የሚነግድ ሁሉ ጠንቋይ ነው። ከራሱ እስከ ዳርቻው አንድ አልገደፈችም። እኔ መስክሬላታለሁ።»

የቤተ ልሔም መምህር መስክሬያለሁ ካለ ወዲያ ይግባኝ የለም። ሰኞ ዘጠኙ ልጆች ተመለሱ። ሁለቱ አልተመለሱም፤ የአባቶቻቸውን ስም እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አራቴ የሚለኝ ሰው ግን ጠፋ። አያሌው ጎንደር ሄዶ መጣ። ሲመለስ ያወራው ስለ ግንቡ ብቻ ነበር።

መሪጌታ በግንቦት ወደ ቤተ ልሔም ተመለሱ፤ በዓመቱ አረፉ። በእግሬ ብሄድም ለቀብራቸው አልደረስኩም።

ቂም እንዳለኝ አልክድም። ያለ ቂም ኖሬአለሁ የሚል ሰው አላምንም። ግን ቅዳሜ ከአርባው በሚኒባስ ስመለስ በመስኮቱ የታጨደውን ገብስ እያየሁ መንገዱን ሙሉ የመጡብኝ መሪጌታ ናቸው፤ እትዬ ብርቄም ከነድንቿ። የአያሌው ፊት እንዴት እንደነበረ ለማስታወስ ተቸገርኩ።

ውድድሩ በተደረገበት ዓመት ሰኔ ላይ ዝውውር ጠይቄ አርብ ገበያ ገባሁ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው አስተማርኩ። ቼዝ የጠየቀኝን ልጅ ሁሉ በቃል አስተማርኩ። አያሌው ሁለት ጊዜ እንጫወት ብሎ ላከብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አልኩ። ቅዳሜ ቤቴ ስገባ ሰሌዳዬን አውጥቼ ሠላሳ አንዱን እርምጃ፣ ቀጥሎም አምስቱን ተጫወትኩ። ከዚያ ጠጠሮቹን ሰብስቤ ድንች ጣድኩ።